እስከ በረካ

የቤቴን በር ከውስጥ ለሚያየው ሰው፣ ታችኛው ክፍል ቀለም የለውም። ከጉልበት በታች ያለው ሁሉ የጥፍር ጭረት ነው። አንዳንዱ ስስ መስመር ነው፣ አንዳንዱ እንጨቱን ቦርቡሮታል። አከራዬ ሁለት ጊዜ አስቀብተውታል። ለሦስተኛ ጊዜ ቀለም ቀቢ ይዘው ሲመጡ፣ "እማማ፣ ይሄ ይቅርልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። እዚያ በር ላይ የአንዲት ውሻ የወራት ጭንቀት አለ። እንዲጠፋ አልፈለግሁም።

ውሻዋ ዳማ ትባላለች። ስሟን ያወጣላት መልኳ ነው፤ የዳማ ፈረስ ቀለም አላት። ያገኘኋት በሚያዝያ 2012 ነው፣ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ አንድ ወር አልፏቸዋል። እኔ መምህርት ነኝ፤ ሥራ የለም፣ ከቤት መውጣትም የለም። ቡችላዋ ዝናብ ያራሰው ካርቶን ውስጥ ተኮራምታ ነበር። እጄን ስዘረጋ አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። አፍንጫዋን መዳፌ ውስጥ ቀብራ ዝም አለች። በሹራቤ ጠቅልዬ አመጣኋት።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር ያህል አንድ ቀን እንኳ አልተለያየንም። ወጥ ስሠራ ከእግሬ ሥር ናት። ሳነብ ጭኔ ላይ ናት። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ያኔ ፍቅር ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ፍቅር መሆኑንስ ፍቅር ነበር። ግን ቡችላ በልጅነቱ ሊያውቀው የሚገባውን አንድ ነገር አላሳየኋትም፤ ሰው ይሄዳል፣ ሄዶም ይመለሳል።

በ2013 ትምህርት ተከፈተ። ተማሪዎቹ በፈረቃ ተከፋፈሉ። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ቀን 7 ሰዓት ላይ ስመለስ መጋረጃው መሬት ላይ ነበር። ፍራሹ ተዘልዝሏል። በሩ ሥር ሽንት አለ። ዳማ ጅራቷን እግሮቿ መሀል ከታ፣ ዓይኗን እየሰበረች ጥግ ይዛለች። "ጥፋቷን አውቃዋለች" አልኩ። ተቆጣኋት። በሦስተኛው ቀን መታኋት። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ የሚያደርገው እኔ ያደረግሁትን ስለሆነ መዝለል አልፈለግሁም።

ስለዚያ የተሰበረ ዓይን በኋላ ያነበብኩት ነገር አለ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ጥናት ነው። ውሾች የተከለከሉትን ምግብ በሉም አልበሉም፣ ያን "ጥፋተኛ" የምንለውን ፊት የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣ ነው። እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ የተቆጡ ውሾች ይበልጥ አሳይተውታል። ዳማ መጋረጃውን አስታውሳ አልነበረም የምታቀረቅረው። እኔን አይታ ነው። ስድስት ሰዓት ከሚጠጋ ፍርሃት በኋላ የምትጠብቃት ሰው መጣች፤ ያቺ ሰው ደግሞ ታስፈራ ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ የጎረቤት ነገር ነው። በሄድኩ ቁጥር ዳማ ታላዝናለች። ተራ ጩኸት አይደለም። አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ ረጅሙን ታወጣዋለች። የውሻ ማላዘን እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አከራዬ አንድ ቀን ማታ በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። "አንቺ ልጅ፣ ይቺ ውሻ ሞት እየጠራች ነው" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ወንድማቸው በዚያ ሰሞን ታመው ተኝተው ነበር። ሴትዮዋ ፈርተዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የፈሩ ነፍሶች ነበሩ፤ አንዷ ሌላዋን ታስፈራለች።

ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። እሰሪያት። ገጠር ስደጃት። ዱላ ነው መድኃኒቷ። ሌላ ውሻ ጨምሪላትና ትጫወት። (ይህ የመጨረሻው በቅን ልብ የተሰጠ ነው፤ ግን ዳማ የምትፈልገው ውሻ ሳይሆን ሰው ስለነበር የሚያላዝኑት ሁለት ይሆኑ ነበር።) አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "ይሄ የፈረንጅ ውሻ በሽታ ነው፣ የእኛ ውሻ እንዲህ አይሆንም" አለኝ።

በዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። የእኛ ውሻ በአብዛኛው የግቢ ውሻ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ታስሮም ቢሆን ሰው ይወጣል፣ ይገባል፣ ልብስ ይሰጣል፣ ሽንኩርት ይከተፋል። ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ሲጨነቅ የጭንቀቱን ስም እንቀይረዋለን። አያቴ ገጠር ሳሉ አንድ ውሻ ነበራቸው። ገበያ ሄደው ያደሩ ቀን እህል አይቀምስም ነበር። መንገዱ አፍ ላይ ተኝቶ ያድራል። "ታማኝ ውሻ" እያልን እናወራለታለን። ዛሬ ሳስበው ያ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ተጨንቆ ነበር የሚያድረው።

ዓይኔን የከፈተው አሮጌ ስልክ ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኬን መደርደሪያው ላይ አስደግፌ ቪዲዮ እየቀዳ ትቼው ወጣሁ። የሆነውን ለማየት ያን ያህል ጀግንነት የሚጠይቅ አልመሰለኝም ነበር። ገና በሩ ሳይዘጋ ቆማለች። በመጀመሪያው ደቂቃ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትሰማለች። በሁለተኛው ታዛጋለች፣ ከንፈሯን ትልሳለች። በአራተኛው ለሀጯ መንጠባጠብ ይጀምራል። ከዚያ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ማላዘኗ ተሰማ። የተቀቀለ ጉበት በሳህን አስቀምጬላት ነበር። አልነካችውም። እንደ ገባሁ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ሄዳ ላፍ አደረገችው።

ያ ጉበት ብዙ ነገር ነገረኝ። የደበረው ውሻ ይበላል። ያኮረፈ ውሻም ይበላል። የሚወደው ምግብ ፊቱ ተቀምጦ አፉ የማይከፈትለት ውሻ ግን ሽብር ላይ ነው። እልህ አልነበረም። በቀል አልነበረም። እነዚህ እኛ የለጠፍንባቸው ስሞች ናቸው።

ጅማ በዚህ በኩል እድለኛ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ከተማው ውስጥ የሚማከሩት ሐኪም አይጠፋም። የሄድኩበት ሐኪም ወጣት ነው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ሳይቸኩል አየው። ከዚያ ዳማን ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ መረመራት። መገጣጠሚያዎቿን አጠፈ፣ ዘረጋ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ የሚያማቸው ውሾች ድምፅ ሊፈሩ እንደሚችሉ ነገረኝ። ሲደነግጡ ጡንቻቸው ይኮማተራል፣ የታመመው ቦታ ይወጋቸዋል፣ ቀጥሎ ድምፁንና ሕመሙን አንድ ላይ ያስሯቸዋል። ቤት ውስጥ መሽናቷም የፊኛ ችግር እንዳይሆን ሽንቷን አየ። ጤነኛ ናት።

አንድ ነገር ተናዘዝኩለት። ከዚያ በፊት አንድ ሰው "አስተኛት" ብሎ የሚያፈዝዝ መድኃኒት ሰጥቶኝ ነበር፣ አሴፕሮማዚን የሚባለውን። ሰጥቻት በቪዲዮው ሳያት መሬት ላይ ተዘርግታ ነበር፣ ዓይኗ ግን ፈጥጧል። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ያ መድኃኒት ገላን ያስራል እንጂ ፍርሃትን አያወጣም አለኝ። ውሻዋ ሁሉን ትሰማለች፣ መሸሽ ግን አትችልም። ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ለብቻው የሚሰጥ አይደለም። ፍሉኦክሴቲንና ክሎሚፕራሚን የሚባሉ መድኃኒቶች እንዳሉ፣ ለሰው ጭንቀትና ድብርት የሚሰጡት እነዚያው እንደሆኑ፣ ሥራቸውን እስኪያሳዩ ሳምንታት እንደሚወስዱ፣ ያለ ሥልጠና ግን ብቻቸውን እንደማያድኑ አስረዳኝ። ለዳማ ፍሉኦክሴቲኑን አዘዘላት። መጠኑን የሚወስነው ክብደቷን መዝኖ ሐኪሙ ነው፤ ማንም ሰው ከራሱ ሳጥን አውጥቶ ለውሻው እንዳይሰጥ አደራ እላለሁ።

ሥልጠናው ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ልብ ይፈትናል። ዋናው ነገር ውሻዋ ሳትፈራ ልትቆይ የምትችለውን ጊዜ ማወቅና፣ ፍርሃቱ ከመጀመሩ በፊት መመለስ ነው። ዳማ የምትችለው አንድ ደቂቃ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ከቁልፉ ጀመርን። ቁልፍ ሲንኳኳ ልቧ እንደሚመታ አውቃለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ ቁልፉን አንስቼ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ቦርሳዬን አንግቼ ሽንኩርት እልጣለሁ። የውጪ ጫማዬን አድርጌ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁልፉ ሲንኳኳ ቀና ብላ ማየት ተወች። ቁልፉ ወሬ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ በሩ። ከፍቼ መዝጋት። ወጥቼ መግባት። አንድ ሰከንድ። ሦስት ሰከንድ። አሥር። ሁልጊዜ እየጨመርኩ አልነበረም፤ አንዳንዴ ሃያ፣ ቀጥሎ አምስት። እየከበደ የሚሄድ ነገር ራሱ ያስፈራልና።

እዚህ ላይ ነው አከራዬ የገቡበት። የእሳቸው ቤት ከእኔ በር አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ነው። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ቡና ያፈላሉ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሰከንድ ስቆጥር አይተው፣ "ምን እየሆንሽ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ። አስረዳኋቸው። ቪዲዮውንም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ዳማ በሩን እየቧጨረች ስታላዝን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "አንቺን ነው እንዴ የምትጠራው?" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሞት አላነሱም። "እኔ ጋ መጥተሽ ቁጭ በይ፣ ለምን ፀሐይ ላይ ትቆሚያለሽ?" አሉኝ።

የእኛ ሰዓት ቡና ሆነ። መጀመሪያ ላይ አቦሉ ተቀድቶልኝ ሲኒዬን ሳልጨርስ እነሳ ነበር። ገብቼ፣ ድምፄን ሳላሰማ፣ ደጉም ክፉም ሳልል ቁጭ እላለሁ። መሄዴም መምጣቴም ትልቅ ነገር እንዳይመስላት። በሁለተኛው ሳምንት አቦልን ጨረስኩ። ስልኬን እያየሁ ነው የምጠጣው፤ አሮጌው ስልክ በቪዲዮ ጥሪ ቤቱን ያሳየኛል። ዳማ ስታዛጋ ካየሁ ሲኒዬን አስቀምጣለሁ። አከራዬም መከታተል ጀመሩ። ጎረቤት ሲመጣ "ዛሬ እስከ ቶና ደርሳለች" ብለው ያወራሉ። ጀበናው ሁለተኛ ውሃ ሲጨመርበት "አሁንስ ተኝታለች?" ይሉኛል። ተኝታ ነበር። ጎኗን ጥላ፣ እግሯን ዘርግታ። ያን ምስል እሳቸውም ፈገግ ብለው ተመለከቱት።

እዚህ ላይ ቡና ወዳድ ለሆነች ከተማ አንድ ማሳሰቢያ። ቡናም ሆነ አተላው ለውሻ መርዝ ነው። ግቢ ውስጥ የተሰጣ ቡና ካለ፣ ቡችላ እንዳይቅመው ተጠንቀቁ።

ግን ከባዱ ጥያቄ ቀርቷል። ሥልጠናው እስኪያልቅ ውሻዋ ከአቅሟ በላይ ብቻዋን መሆን የለባትም። አንድ ቀን ሙሉ ከተሸበረች የሳምንቱ ልፋት ይፈርሳል። እኔ ደግሞ አስተምራለሁ። ይህን የፈቱልኝ ሐጂ ናቸው። ከግቢያችን አጠገብ ሱቅ አላቸው። ውሻ ቤታቸው አያስገቡም፣ የውሻ ምራቅ ከነካቸው ለሶላት ይታጠባሉ፤ ይህን አውቄ ልጠይቃቸው አፍሬ ነበር። ራሳቸው ጠሩኝ። "ያቺ እንስሳ ጠዋት ጠዋት ታለቅሳለች፣ ለምን እዚህ ጥላው ሥር አትውልም?" አሉኝ። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ስላጠጣውና በዚያ ምክንያት ኃጢአቱ ስለተማረለት ሰው ነገሩኝ። እሳቸው አልዳበሷትም፣ እሷም አልተጠጋቻቸውም። ሱቁ ፊት ለፊት ኬሻ አነጠፉላት። ከእኔ "ነይ"ን፣ ከሐጂ በኦሮምኛ "ኮቱ"ን ተማረች። የሐጂ ድምፅ ሲሰማ ትተኛለች፤ ከዚያ በላይ የጠየቀችው ነገር አልነበረም።

በግንቦት አንድ ሰዓት ደርሰን ነበር። በረካ ላይ። አከራዬ የበረካውን ሲኒ ሲሰጡኝ መረቁን፤ እሷንም በስሟ ጠርተው።

ከዚያ በረዶ ወረደ።

ሐጂ በዚያን ቀን ለቅሶ ሄደው ነበር። እኔ ለአርባ ደቂቃ ያህል ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ደርሼ መመለስ ነበረብኝ። አንድ ሰዓት ትችላለች፤ ስለዚህ ችግር የለውም ብዬ ሄድኩ። ሰማዩ ጂረን ተራራ ላይ ጠቁሮ እንደነበር አይቻለሁ። ጅማ ውስጥ ሰማይ ሲጠቁር አዲስ ነገር አይደለም። ከተማችን በዓመት ብዙ ወር የሚዘንብባት፣ ከበልግ እስከ መስከረም ደመና የማይለያት ከተማ ናት። ግን ያን ቀን መብረቁ ቀረበ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ ሰው ለሰው አይደማመጥም። ባጃጆቹ ቆሙ። እኔ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። ኔትወርክ የለም።

ስገባ የመስኮቱ ወንፊት ተቀዷል። ወለሉ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። ዳማ አልጋው ሥር፣ ግድግዳው ጥግ፣ ገላዋን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስባ ትንቀጠቀጣለች። ሁለት ጥፍሯ ተሰብሯል። ስጠራት አልመጣችም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተኝቼ አደርኩ።

በማግስቱ ስነሳ ሁሉም ነገር ዜሮ ላይ ነበር። ዜሮ እንኳ አይደለም፣ ከዚያ በታች። ቁልፍ ስነካ ትደበቃለች። ደመና ፀሐይን ሲሸፍን ታለከልካለች። ከሁሉ የባሰው፣ ከጣሪያው ጠርዝ ባልዲ ውስጥ ጠብ የምትል ውሃ ስትሰማ ጆሮዋን ጥላ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች።

በዚያ ሰሞን ነው የፓቭሎቭን ጎርፍ ያነበብኩት። ኢቫን ፓቭሎቭን ሁላችንም በትምህርት ቤት እናውቀዋለን፤ ደወል፣ ምግብ፣ ምራቅ። ጎርፉን ግን ያስተማረኝ የለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1924 ሌኒንግራድ በጎርፍ ተጥለቀለቀች። የፓቭሎቭ ውሾች ያሉበት ቤት ውሃ ገባው። ሠራተኞቹ ደርሰው ውሾቹን እያዋኙ አወጧቸው።  ከዚያ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ለብዙ ጊዜ የተማሩትን አጡት። ወደ ቀድሞው ከተመለሱ በኋላም እንኳ፣ በበሩ ሥር ጥቂት ውሃ እንዲገባ ሲደረግ ያው ድንጋጤ አገረሸ። ቀጭን የውሃ መስመር ብቻ። ይህን ሳነብ ባልዲዬ ትዝ አለኝ፣ አለቀስኩም።

ከዚያ ታሪክ ያተረፍኩት ግን ሌላ ነው። ከውሾቹ በአንዱ ላይ፣ የሚያውቀው ሰው አብሮት ክፍሉ ውስጥ ሲሆን የጠፋው ትምህርት መመለስ ጀመረ። ሰውየው ሲወጣ ይጠፋል፣ ሲገባ ይመለሳል። ያኔ ገባኝ። የዳማ ሁለቱ ፍርሃቶች፣ የብቸኝነቱና የነጎድጓዱ፣ አንድ ገመድ ናቸው። ብዙ ውሾች ሁለቱም አብረው አሉባቸው። እኔ አንዱን ስፈታ ሌላውን ረስቼ ነበር። ነጎድጓድ ብቻዋን ሳለች ያገኛት ውሻ፣ ነጎድጓዱንም ብቻነቱንም ባንድ ላይ ትፈራለች። ስለዚህ በቅድሚያ እኔ ባለሁበት ነጎድጓዱን ማለፍ ነበረብን።

በዚያው በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል ስለሚፈራ ፒተር ስለሚባል ሕፃን ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን እየበላ ጥንቸሏ በሩቅ ትቀመጣለች። በየቀኑ ትንሽ ቀረብ ትላለች። በመጨረሻ ልጁ ዳበሳት። ዛሬ ለውሻም የሚሠራበት መንገድ መሠረቱ ይኸው ነው። የሚያስፈራው ነገር ትንሽ ይሁን፣ ሩቅ ይሁን፣ ከሚወደድ ነገር ጋር ይምጣ።

እኛ ጓዳውን አዘጋጀን። መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። አሮጌ ፍራሽ፣ የእኔ ጋቢ፣ በላዩ ከጠረጴዛ የወረደ ብርድ ልብስ። በሩ መቼም አይዘጋም፤ መሸሸጊያ ከተቆለፈ እስር ቤት ነው። ደህና ቀንም እዚያ ውስጥ ምግብ ታገኛለች። ከዚያ የነጎድጓድ ድምፅ በስልክ ቀዳሁና በጣም ዝቅ አድርጌ ማሰማት ጀመርኩ፣ እሷ ጆሮዋን እንኳ በማታቆምበት መጠን። ድምፅ፣ ጉበት። ድምፅ፣ ጉበት። ረዳን፣ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ገደብ አለው። የስልክ ድምፅ ማጉያ የነጎድጓድን ወፍራም ጉርምርምታ አያወጣም። የቆርቆሮው መንቀጥቀጥ የለም፣ የመብረቁ ብልጭታ የለም፣ የዝናቡ ሽታ የለም። ውሻ ደግሞ እኛ የማንሰማውን ይሰማል፤ የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሰማ የውሻ እስከ 45,000 አካባቢ ይደርሳል።

ስለዚህ ዋናው ትምህርት ቤታችን እውነተኛው ዝናብ ሆነ። ክረምት ገባ፣ ዝናብ ደግሞ ጅማ ውስጥ አይጠፋም። ሰማዩ ገና በሩቅ ሲያጉረመርም ከኪሴ ጉበት ይወጣል። ሥጋ ሻጩ ደንበኛዬ ሆኗል፤ ሳንባና ጉበት በትንሹ ይቆርጥልኛል፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት እቀቅለዋለሁ፤ ሽንኩርት ውሻን ይጎዳል። በጾም ወራት የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው። ጅማ ለዚህም ትመቻለች።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። "ስትፈራ ካባበልሻት አታበላሻትም?" አታበላሿትም። ፍርሃት ስሜት ነው፣ በማባበል የሚለመድ ጠባይ አይደለም። ልጅ በሌሊት በቅዠት ሲነሳ አቅፋችሁት ከዚያ በኋላ ቅዠት የለመደ አታውቁም። ዳማ ስትጠጋኝ አቅፋታለሁ። ሳትጠጋኝ ጓዳ ስትገባ አልጎትታትም። አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ደብተር አርማለሁ። ትንፋሼ እንዳይፈጥን እጠነቀቃለሁ።

ዓመት ፈጀ። ተመልሰን አቦል፣ ተመልሰን ቶና። ሁለተኛውን ጊዜ ግን መንገዱን አውቀነው ነበር። መድኃኒቱን በሐኪሙ ምክር ቀስ በቀስ ቀንሰን አቆምን። አሁን ዳማ ጥርት ባለ ቀን አራት ሰዓት ብቻዋን ትቆያለች። ዝናብ ሲመጣ ራሷ ተነስታ ጓዳ ትገባለች፣ እዚያ ሆና አፍንጫዋን በጋቢው ጠርዝ አውጥታ ጉበቷን ትጠብቃለች። ከባድ መብረቅ ያለበት ቀን ግን ብቻዋን አልተዋትም። ይህን እንድትችል አልጠየቅኋትም። ሰማዩን አይቼ ቀጠሮ አራዝማለሁ፤ ሐጂም ደመና ሲያዩ ኬሻዋን ወደ ውስጥ፣ ከሱቁ ደፍ አጠገብ ያስገቡላታል። የአከራዬ ወንድም ድነው አሁን ቡና ላይ አብረውን ይቀመጣሉ።

የቀረን የበዓል ድምፅ ነው። ዝናብን ማንም አይከለክለውም፣ በዓል ግን ከሰው ጋር ነው። ለእንቁጣጣሽና ለገና ርችት አለ፣ ለደመራ ጭብጨባና ጩኸት፣ ጥር ሲገባ የሠርግ መኪና ጥሩንባ። ከሁሉ የከፋው ለዳማ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ሲቃረብ የሰፈር ልጆች ጅራፍ ይገምዳሉ። ጅራፍ ሲጮህ እንደ ጥይት ነው፣ ከየት እንደሚመጣም አይታወቅም። ልጆቹን መቆጣት አልፈለግሁም። እኔም በልጅነቴ ጅራፍ አጮህ ነበር፤ ወንድሜ ነበር የሚገምድልኝ።

ዘንድሮ ቡሄ ሳምንት ሲቀረው ግቢ ጠራኋቸው። ከአሥር አይበልጡም፣ ሁለቱ ተማሪዎቼ ናቸው። የዳማን በር አሳየኋቸው። የጥፍሩን ጭረት በጣታቸው እየተከተሉ ዳሰሱት። ትንሹ፣ "ጥፍሯን አላመማትም?" አለኝ። "አሟታል" አልኩት። ተያይተው ትንሽ ተንሾካሾኩ። ጅራፉን ወዲያ ማዶ ሜዳው ላይ ወስደው ሊያጮኹ ቃል ገቡልኝ።

በቡሄ ማታ "ሆያ ሆዬ" እያሉ በር በር ሲዞሩ እኛም ጋ መጡ። ዱላቸውን መሬት አልመቱም። በለሆሳስ ነበር የዘፈኑት፣ እንደ እሹሩሩ። አከራዬ ሙልሙል አወጡላቸው። ዳማ ከጓዳ ወጥታ ከእግሬ ኋላ ቆማለች። ትንሹ ልጅ ሙልሙሉን ቆረሰና ደፉ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደ። ዳማ አንገቷን አውጥታ አሸተተችው። ቆየች። ከዚያ በላችው።